ጥሩር የለበሰው ማን ነበር? የቀድሞዋን ባሌ በልብስ ስለ ማሳየት

በሮቤም ሆነ በጎባ ያለ መምህር የቀድሞውን የባሌ ሱልጣኔት በትምህርት ቤት መድረክ ለማሳየት ቢነሣ፣ ከንግግሩ አስቀድሞ የልብስ ጥያቄ ይገጥመዋል። ተዋንያኑ ምን ይልበሱ? በዚህ ጊዜ በቅድሚያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው በቱርክ ተከታታይ ፊልሞች የታየው የብረት ልብስ ነው፤ ወታደሩ ሁሉ ከአናቱ እስከ ጉልበቱ የሚያብለጨልጭ ጥሩር ይለብሳል። ተመልካቹ ልጅ የሰማውን ንግግር ቢረሳ እንኳ ያየውን አይረሳም። ስለዚህ በልብስ የሚነገር ታሪክም በቃል እንደሚነገረው ሁሉ ማስረጃ ይጠየቅበታል።

ጥሩር ጥቃቅን የብረት ቀለበቶችን እርስ በርስ በማቆላለፍ የሚሠራ፣ እንደ ሸሚዝ የሚለበስ የጦር ልብስ ነው፤ በዐረብኛ ዲርዕ ይባላል። ለሙስሊም አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ቁርአን በሱረቱ ሰበእ (34፡10-11) አላህ ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረትን እንዳለዘበላቸውና ቀለበቱን እየመጠኑ ጥሩር እንዲሠሩ እንዳዘዛቸው ይነግረናል። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ለፋጢማ (ረ.ዐ.) የሰጡት መህር ጥሩራቸው እንደ ነበረ፣ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አኼራ ሲሄዱ ጥሩራቸው ስለ 30 ሷዕ ገብስ በአንድ አይሁዳዊ ዘንድ በመያዣነት ተቀምጦ እንደ ነበረ በሐዲስ ተዘግቧል። የታሪክ ተማሪ ከእነዚህ ዘገባዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይረዳል፤ ጥሩር ለመህር የሚበቃ፣ ለቤተሰብ እህል ዋስትና የሚሆን ውድ ንብረት ነበር። ውድነቱም ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። አንድ ጥሩር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቀለበቶች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቀለበት ከ4 ሌሎች ቀለበቶች ጋር ይቆላለፋል። የቀለበቱ ጫፎች ተጠፍጥፈውና ተበስተው በጥቃቅን ምስማር ይመታሉ። ይህ ሁሉ በእጅ የሚሠራ ነበር።

ይህን ይዘን ወደ ባሌ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1349 ያረፉት ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ ከ7ቱ የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች አንዷ አድርገው የጻፉላት ባሌ ርዝመቷ የ20 ቀን፣ ወርዷ የ6 ቀን መንገድ ነበረች። ፈረሰኞቿንም 18,000 ያደርሷቸዋል። ሕዝቧ በገንዘብ ፈንታ ከብት፣ በግና ጨርቅ ይለዋወጥ እንደ ነበርም ይገልጻሉ። የፈረሰኛው ቁጥር አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። 18,000 ፈረሰኛ ማለት 18,000 ጥሩር ማለት አይደለም። ፈረስ በደጋው ሣር ላይ ይረባል፤ ጥሩር ግን አይረባም። በጨርቅና በበግ በሚገበያይ አገር በአሥር ሺህ ለሚቆጠር ፈረሰኛ የብረት ልብስ ማቅረብ እንዴት ይቻላል?

የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምስክሮችም ይህን ጥርጣሬ ያጠናክራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በሐበሻ የቆየው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የንጉሡን ሠራዊት መሣሪያ ሲዘረዝር ጦርና ጠንካራ ጋሻ በብዛት እንዳለ፣ ጥሩር ግን ጥቂት መሆኑንና ያለውም ረጅምና ጠባብ፣ ጥራቱም ዝቅተኛ እንደ ነበረ ይናገራል። ባሌ በዚያን ጊዜ ለዚሁ ንጉሥ ትገብር ነበር። በሀብታሙ ንጉሥ ዘንድ ጥሩር እንዲህ ጥቂት ከነበረ፣ በምትገብርለት አገር በዝቶ ይገኝ ነበር ብሎ መገመት ያስቸግራል።

በሙስሊሙ ወገን ዋናው ምንጫችን ሺሃቡዲን አሕመድ፣ በቅጽል ስማቸው ዐረብ ፈቂህ፣ የጻፉት ፉቱሕ አል-ሐበሻ ነው። መጽሐፉ ጥሩርና የራስ ቁር የለበሱ ፈረሰኞችን በተለያየ ቦታ ያነሣል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1529 (935 ዓ.ሂ.) በተደረገው የሽምብራ ቁሬ ጦርነት የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ እንደ ነበረ የሚነግረንም ይኸው መጽሐፍ ነው። እያንዳንዱ ፈረሰኛ ጥሩር ለብሶ ነበር ብንል እንኳ፣ ከ20 ሰው አንድ አይሞላም። ከ3 ዓመት በኋላ በወዚር አዶሌ መሪነት ባሌን የያዘው ጦርም የዚህ ሠራዊት ክፍል ነው።

ከዚህ በመነሣት መድረክ ለሚያዘጋጅ መምህር የሚከተለውን ማለት ይቻላል። በ20 ተዋንያን መካከል ጥሩር ለአንድ አዛዥ ይበቃል። ጥሩሩ ከብር ቀለም ይልቅ የጠቆረ ብረት ይምሰል፤ ክብ ቀለበትም ይኑረው። ፊት የሚሸፍን የአውሮፓ የራስ ቁርና ጠፍጣፋ የደረት ብረት አይጨመርበት። በሱዳን የመህዲያ ዘመን ፎቶግራፎች የሚታዩት ጥሩሮችም ከኢማሙ ዘመን ከ300 ዓመት በላይ ስለሚርቁ ለናሙና አይሆኑም። እውነተኛ ጥሩር 10 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ለልጅ ትከሻ አይስማማም፤ በወፍራም ክር የተሠራ ሹራብ ከሩቅ ይተካዋል። የቀሩት የጥጥ ልብስ፣ ጦርና የቆዳ ጋሻ ይያዙ። ይህ ደግሞ ወጪው አነስተኛ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የቀድሞዋ ባሌ ስትነሣ ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምናስታውሰው ሸኽ ሑሴንን ነው። አናጂና የሚገኘውን ዲሬ ሸኽ ሑሴንን የሚዘይሩ ምእመናን እስከ ዛሬ በእጃቸው የሚይዙት ጫፉ ባላ የሆነ በትር ነው። እስልምና በባሌ ደጋ ሥር የሰደደው በጦረኛ ብቻ እንዳልሆነ ይህ በትር ያስታውሰናል። በመድረኩ ላይ ለዑለማው ስፍራ ያልሰጠ ትርኢት፣ ጥሩሩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ጎደሎ ነው።

ሁሉን በብረት ማልበስ አባቶችን ማክበር ይመስላል። ነገር ግን ከሠራዊቱ የሚበዛው እግረኛ ደረቱን ለጦር የሰጠው በጥጥ ልብስ ነበር። ያልለበሰውን ብረት ስናለብሰው ድፍረቱን እንሸፍንበታለን። ታሪክ አማና ነው፤ አማናም እንደ ተቀበሉት ይመለሳል። ወላሁ አዕለም።