ለቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ እርማት

ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ የላይደኑን ከንቲባ ሥዕል የረሳችሁት አይመስለኝም። በረሃብ የከሱ ሰዎች ከበውታል፣ እሱ ደግሞ «እጅ ከምንሰጥ እኔን ብሉኝ» እያለ ይሟገታቸዋል። ፎቶ ኮፒውን ሳድላችሁ «በቦታው የነበረ ሰው ያየውን እዩ» ብያችሁ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ስፔኖች የሆላንዷን ላይደንን ከበው ያስራቧት በ1574 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ረሃቡ እውነት፣ ወረርሽኙም እውነት፣ ከንቲባው ፒተር ቫን ደር ቬርፍም የነበረ ሰው ነው። ሥዕሉን ግን ማቲውስ ቫን ብሬ የሳለው በ1817 አካባቢ ነው። 240 ዓመት ቆይቶ! እኔ ያሳየኋችሁ ደግሞ ከዚያ ሥዕል የተቀዳ ኅትመት ነበር።

ምን አስቆፈራቸው የድሮውን? አገሪቱ አንሳ ነበራ። በ1810 ናፖሊዮን ከካርታ ላይ ፍቆ የፈረንሳይ ክፍል አደረጋት። ነጻ ወጥታ፣ ከቤልጅየም ጋር አንድ መንግሥት ሆና ሳትደላደል በ1830 ቤልጅየም አመፀች። በ1831 ያን ቫን ስፔይክ የሚባል ወጣት መኮንን አንትወርፐን ላይ ጀልባውን ለቤልጅጎች ከማስረከብ ባሩዱን ለኩሶ አብሮ ጋየ። የተቀበረው የ17ኛው ክፍለ ዘመን አድሚራል ደ ራይተር ባረፈበት የአምስተርዳም ቤተ ክርስቲያን ነው። ምስሉም እየታተመ ተቸበቸበ። የአያቶቻቸው ወኔ ያልሞተ መስሏቸዋል።

ማተሚያውም ደረሰላቸው። መዳብ ላይ መቅረጽ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ የድንጋይ ኅትመት ግን ሌላ ነገር ነው። በቅባታማ እርሳስ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ትሥላለህ፣ ድንጋዩን ታረጥባለህ፣ ቀለሙ ቅባቱን ይዞ ውኃውን ይሸሻል፣ በቃ ወረቀቱን ትጫናለህ። ጀግናው በርካሽ ዋጋ ሳሎን ገባ። የአምስተርዳሙ መጽሐፍ ነጋዴ ፍሬደሪክ ሙለርማ የአገሪቱን የታሪክ ኅትመቶች የዘረዘረበት ሥራ ታትሞ እስኪያልቅ ከ1863 እስከ 1882 ፈጅቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሆላንድ በሱሪናም ባርነትን የሻረችው በዚያው በ1863 ነው፤ ለዚያውም ነጻ የወጡት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ተጨማሪ 10 ዓመት እንዲሠሩ ተገደው። በኅትመቶቹ ላይ የ17ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ሸራውን ወጥሮ ይንሳፈፋል፣ ባንዲራው ይውለበለባል፤ ከመርከቡ ሆድ የታሰረውን ሰው ግን እኔ ካየኋቸው በአንዱም አላገኘሁትም። የአምስተርዳም ሙዚየም ያንን ዘመን «ወርቃማው» ብሎ መጥራት ያቆመው በ2019 ነው።

ሥዕሉን ጣሉት አልልም፤ እኔም አልጣልኩትም። ስለ 1574 የነገረኝ ትንሽ ነው፣ ስለ 1817 ግን ብዙ። ፎቶ ኮፒው እስካሁን ያላችሁ ካላችሁ፣ ከሥሩ የጻፍኩትን «16ኛው ክፍለ ዘመን» ሰርዙና «19ኛው» በሉት።