ከዳካ የተላከው ደብዳቤ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1924 ከዳካ ዩኒቨርሲቲ ወደ አልበርት አይንስታይን አንድ ደብዳቤ ተላከ። ላኪው የ30 ዓመቱ ሕንዳዊ መምህር ሳትየንድራ ናት ቦዝ ነበር። የማክስ ፕላንክን የጨረራ ሕግ በአዲስ መንገድ አስልቶ፣ ጽሑፉ በጀርመን መጽሔት እንዲታተምለት ጠየቀ።

ድፍረቱ ያለው በአቆጣጠሩ ላይ ነው። የብርሃን ቅንጣቶች አንዱ ከሌላው ፈጽሞ አይለይም፤ ስለዚህ ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ አዲስ ሁኔታ አይፈጠርም። ሁለት ቅንጣቶች በሁለት ሥፍራ ሲደለደሉ አማራጩ አራት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ይሆናል። ለውጧ ትንሽ ትመስላለች፤ የፕላንክን ቀመር ግን ከነሙሉ መልኩ አወጣችው።

አይንስታይን ጽሑፉን ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመው። ስሌቱንም ወደ አቶሞች አሻግሮ፣ እጅግ ሲቀዘቅዙ ብዙዎቹ በአንድ ሁኔታ ላይ እንደሚከማቹ ተነበየ። ይህ የቦዝ-አይንስታይን ክምችት በጋዝ ውስጥ እስኪታይ 70 ዓመት ገደማ ፈጀ፤ በ1995 በኮሎራዶዋ ቦልደር ከተማ በሩቢዲየም አቶሞች ተገኘ።

የቦዝን አቆጣጠር ለሚከተሉ ቅንጣቶች፣ ከስሙ በመነሳት፣ ቦዞን የሚለውን ስም ያወጣው የፊዚክስ ሊቁ ፖል ዲራክ ነው። የብርሃን ቅንጣት የሆነው ፎቶንም፣ በ2012 መገኘቱ የተበሰረው የሂግስ ቅንጣትም የሚመደቡት በዚሁ ስም ሥር ነው። ቦዝ ራሱ በ1974 ያረፈው ኖቤል ሳይሸለም ነው፤ ይህም እስከ ዛሬ ያስቆጫል። በስሙ የሚጠራውን ክምችት በቤተ ሙከራ የፈጠሩት ሦስት ተመራማሪዎች ሽልማቱን በ2001 ተቀብለዋል።