የንግሥት እሌኒ ልብስ ሰፊ

ንግሥት እሌኒን «በአካል» ያየኋት ሎስ ባኞስ ነው። ሎስ ባኞስ ከማኒላ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ያለውም እዚያው ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ዓመት ትምህርት ሄጄ ስኖር፣ በግንቦት ወር አንድ እሑድ ምሽት አከራዬ በሬን አንኳኩተው «ና ውጣ፣ ሬይና ኤሌና ልታልፍ ነው» አሉኝ።

«የቷ ኤሌና?»

«የቆስጠንጢኖስ እናት ናታ! መስቀሉን ያገኘችው።»

መስቀልን ያለ ደመራና ያለ አደይ አበባ አስቤው የማላውቀው ሰውዬ ሻማ ተሰጥቶኝ መንገድ ዳር ቆምኩ።

መጀመሪያ የመጣው ማቱሳላ ነበር። ረጅም ነጭ ጢም የለጠፈ ሰው ጋሪ ላይ ተቀምጦ በምጣድ አሸዋ ይቆላል። አዎ፣ አሸዋ! ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ከኋላ የሚመጣው ጌጥ ሁሉ መጨረሻው አፈር ነው ማለት ነው አሉኝ። ቀጥሎ ንግሥቶቹ መጡ፤ እያንዳንዳቸው ሰዎች በተሸከሙላቸው የአበባ ቅስት ሥር ነው የሚሄዱት። እምነት መስቀል ይዛ፣ ተስፋ መልሕቅ ይዛ፣ ፍቅር ቀይ ልብ ይዛ፣ ዮዲት የሆሎፎርኒስን ራስ አንጠልጥላ። ንግሥተ ሳባም ከጌጥ ሣጥኗ ጋር ብቅ አለች። «ይቺ እንኳን የእኛ ናት» አልኳቸው አከራዬን። «የእናንተ? የፖስታ ቤቱ ሹም ልጅ ናት እንጂ!» አሉኝ። በስተመጨረሻ እሌኒ ትንሽ መስቀል ይዛ፣ ትንሹን ቆስጠንጢኖስን አስከትላ መጣች። ልብ በሉ፤ እሌኒ ኢየሩሳሌም ስትሄድ ቆስጠንጢኖስ ሃምሳውን ያለፈ ንጉሠ ነገሥት ነበር። እዚያ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ አክሊሉም ዓይኑ ላይ እየወረደ አስቸግሮታል። ከኋላ ሕዝቡ መቁጠሪያ ይዞ ለእመቤታችን ይዘምራል።

ይህ ዑደት ሳንታክሩሳን ይባላል። መስቀሉ የተገኘበትን ነገር እኛ መጋቢት 10 ብለን፣ በዓሉን ግን መስከረም 17 እናከብረዋለን። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሜይ 3 ታከብረው ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1960 ሮም ያንን ቀን ከቀን መቁጠሪያዋ አወጣችው፤ ፊሊፒኖች ግን አላወጡትም። ስፔኖች ካመጡት የመስቀል በዓል ጋር፣ ለማርያም ወሩን ሙሉ አበባ የማቅረብ ልማድ ተቀላቅሎበታል። ይህ ልማድ በ1860ዎቹ ቄስ ማሪያኖ ሴቪያ በታጋሎግ ባዘጋጁት የጸሎት መጽሐፍ ነው አገሩን ያዳረሰው። ወሩ የዝናብ መግቢያ ስለሆነ ገበሬውም የራሱን ምስጋና ጨመረበት። ከሮም ካላንደር የተሰረዘ በዓል ደመቅ ብሎ የኖረው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ።

ያን ምሽት ከእሌኒ ጎን፣ ከቅስቱ ውጪ፣ አንድ ሰው ይሄድ ነበር። አርባውን የጨረሰ፣ ቅንድቡን የተቀነደበ፣ በአንድ እጁ ባትሪ በሌላው መርፌ ቁልፍ የያዘ። ቀሚሷ ሲጎተት ያነሣል፣ እጅጌዋ ሲላላ ይወጋጋል፣ በመሐሉ ከሕዝቡ ጋር ይጸልያል። ልብስ ሰፊዋ እሱ ነበር። የእሌኒን ብቻ አይደለም፤ የሳባንም የአስቴርንም የሰፋው እሱ ነው፣ ቅስቶቹን በአበባ ያስጌጡትም ጓደኞቹ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ባክላ» ይለዋል፣ እሱም ራሱን እንደዚያው ይጠራል።

ቃሉን እንዳለ ያስቀመጥኩት በአማርኛ ያለን ስም ከስድብና ከክስ ስለማይርቅ ነው። ደግሞም በትክክል አይተካውም። ባክላ ማለት በፊሊፒኖች አነጋገር የሴት ልብ ያለው ወንድ ነው። ነገሩም ከአሜሪካ በቴሌቪዥን የመጣ አይደለም። የፍራንሲስካኑ መነኩሴ ሁዋን ዴ ፕላሴንሲያ በ1589 ስለ ታጋሎጎች ልማድ ሲጽፍ፣ ከጥንቱ እምነት አገልጋዮች መካከል «ባዮጊን» የሚባሉ፣ ተፈጥሯቸው ወደ ሴት ያዘነበለ ወንዶች እንዳሉ መዝግቧል። መነኩሴው የሰይጣን ካህናት ከሚላቸው ጋር ነው የደመራቸው። ታዲያ ክርስትናው ሲገባ እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ? ታሪኩን በቀጥተኛ መስመር መሳብ አይቻልም። በኋለኛው ዘመን ግን ባክላን በብዛት የምናገኘው በቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ነው፤ ልብስ ሲሰፋ፣ የቅዱሳኑን ሐውልት ሲያለብስ፣ አበባ ሲደረድር።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም የሐበሻ ልጅ ነኝና መጀመሪያ የተሰማኝ መሳቀቅ ነበር። እንዲያውም ሻማዬን ይዤ ወደ ሌላው ጠርዝ ተሻግሬያለሁ። የተመለስኩት በማግስቱ፣ ሱሪዬን ላሳጥር ልብስ ሰፊ ፍለጋ ስወጣ፣ በሰፈሩ ከእሱ ሌላ ሰፊ ባለመኖሩ ነው።

ሱቁ ውስጥ የሰማሁት ይህ ነው። በዚያ ዓመት የሰፈሩ ቄስ በቅዳሴ መጨረሻ ማስታወቂያ አስነግረው ነበር፤ ሳንታክሩሳን ጸሎት እንጂ የፋሽን ትርኢት ስላልሆነ የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ በዑደቱ እንዳይገባ። ይህ የአንድ ቄስ አመል አይደለም። የፊሊፒን የካቶሊክ አባቶች በተለያየ ጊዜ ደጋግመው የተናገሩት ነው። ቅሬታቸውም ሁለት ነገር አንድ ላይ የያዘ ነው፤ በዓሉ የንግድና የቁንጅና ውድድር ሆነ፣ ባክላዎችም መቀለጃ አደረጉት የሚል። ሁለቱ በአንድ እስትንፋስ ስለሚነገሩ ሰሚው አንዱ የሌላው መንስኤ ይመስለዋል።

«የፋሽን ትርኢት ነው ያሉትስ እውነት ነው» አለኝ ሰውየው፣ ጨርቁን ከመኪናው ሥር እየሳበ። «ግን ኩያ» (ታላቅ ወንድሜ እንደማለት ነው) «እኔ ነኝ ያደረግኩት? እሌኒ የሆነችው ልጅ የተመረጠችው አባቷ ለሙዚቃ ጓዱና ለምግቡ ስለከፈለ ነው። የሳባን ቀሚስ ጨርቅ የገዛው የሳሙና አከፋፋይ ነው፣ ስሙን በሪባን ላይ ጥለፍልኝ አለኝ፣ ጠለፍኩ። ቄሱ የሳሙናውን ስም አላዩትም፣ የእኔን ቅንድብ ግን አዩት።»

እኛ ይህንን በሦስት ቃል እንጨርሰዋለን፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ታሪኩም ከሰውየው ጋር ነው። ገንዘብ በፊሊፒን በዓላት ላይ ዘውድ መጫን የጀመረው ባክላ ከጓዳ ወደ አደባባይ ሳይወጣ ነው። አሜሪካኖች ደሴቶቹን ሲያስተዳድሩ ከ1908 እስከ 1939 የማኒላ ካርኒቫል የሚባል የንግድ ትርኢት ያዘጋጁ ነበር፤ ትርኢቱም የራሱ ንግሥት ነበረችው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንግሥቲቱ የምትመረጠው ጋዜጣ ላይ በሚታተም የድምፅ ወረቀት ነው። ብዙ ጋዜጣ የገዛ ብዙ ድምፅ አለው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ንግሥት በብዙ ቦታ የባለሀብት ልጅ ናት፣ የድግሱም ባለቤት «ኤርማኖ ማዮር» የሚባለው ከፋይ ነው። በኋላ የፊልም ተዋናዮች እሌኒ ሆኑ፣ ፖለቲከኞች ደጋሽ ሆኑ፣ ትልልቅ የገበያ አዳራሾችም የራሳቸውን ሳንታክሩሳን አየር ማቀዝቀዣ ሥር ያካሂዱ ጀመር። ማቱሳላ እዚያ አሸዋውን እንዴት እንደሚቆላ አላውቅም።

ባክላዎቹስ ከዚህ ንጹሕ ናቸው? አይደሉም። በየከተማው የራሳቸውን ሳንታክሩሳን ሲያዘጋጁ የውበት ሳሎንና መጠጥ ቤት ነው የሚደግፋቸው፣ አንዳንዱም ሰልፍ ከጸሎት ይልቅ ሳቅ ይበዛበታል። አባቶች ይህንን አይተው ቢያዝኑ አልፈርድባቸውም።

ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ምሁሩ ማርቲን ማናላንሳን በ2003 ባሳተመው ጥናት የሚተርከው አንድ ሳንታክሩሳን አለ። በ1992 ካምባል ሳ ሉሶግ የሚባል የፊሊፒኖ ስደተኞች ማኅበር ኒው ዮርክ ውስጥ ያካሄደው ነው። ዮዲት የሆሎፎርኒስን ሳይሆን የጆርጅ ቡሽን (የአባትየውን) ራስ አንጠልጥላ ወጣች። ፌዝ ነው፤ ግን ዘመኑን አስቡት፣ ኤድስ ጓደኞቻቸውን እየጨረሰ ያለበት ጊዜ ነው። ከአገር የራቀ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ፊቱን ያዞረበት፣ ከልጅነቱ የቀረለትን አንድ ዑደት አዳራሽ ውስጥ ሲደግመው፣ መሳለቅ ነው ወይስ ናፍቆት? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል፤ ናፍቆቱ ግን ይበልጣል። የሚንቁትን ነገር ማን በእጁ ይሰፋል?

አገሩ ለባክላ ገነት ነው የሚሉ ቱሪስቶች አሉ። በ2023 በሴት አለባበስ የሚታወቅ አንድ የመድረክ ተጫዋች ክርስቶስን መስሎ በጭፈራ ዜማ አባታችን ሆይን ሲያቀርብ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጨ። በርካታ ከተሞች እንዳይገባብን ብለው ወሰኑ፣ በጥቅምት ወርም ታሰረ። ቪዲዮው ለብዙ አማኝ የሚያም እንደነበር አልክድም። በዚያው አገር ግን የንግሥተ ሳባ ሪባን ላይ ሳሙና የሚያስተዋውቅ ሰው ሲታሰር አልተሰማም።

ይህንን ስጽፍ አዲስ አበባ ትዝ ትለኛለች። የእኛ መስቀል በ2013 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። አዋጅ በ2019 የአልኮል ማስታወቂያን ከአደባባይ እስኪያወርደው ድረስ ለመስቀል እንኳን አደረሳችሁ ሲሉን ከኖሩት መካከል የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩበት። ደመራው ሥር ቆመን በላያችን ጠርሙስ ተሰቅሎ ነበር፣ ብዙዎቻችንም አንገታችንን ቀና አድርገን አላየነውም። ስለዚህ በፊሊፒኑ ቄስ ላይ ጣቴን ስቀስር ቀስ ብዬ ነው።

ከሎስ ባኞስ ከመውጣቴ በፊት ሱሪዬን ልወስድ ስሄድ ሰውየውን ጠየቅኩት፤ ያን ሁሉ ዓመት ሰፍተህ፣ አንድም ቀን እሌኒን ለብሰህ አታውቅም?

«አንድ ጊዜ» አለኝ። «ማኒላ፣ የእኛዎቹ ባዘጋጁት። ቀሚሱን ሦስት ወር ሰፋሁት፣ መስቀሉን ከእናቴ ግድግዳ ወሰድኩ። መንገዱን ሙሉ ሳቁብን፣ እኛም ሳቅን። አንድ መታጠፊያ ላይ አንዲት አሮጊት ቆማ ነበር። ሳልፍ አማተበች።»

«ለመስቀሉ?»

መቀሱን አስቀምጦ ትንሽ አሰበ። «እሱን እስከ ዛሬ አላወቅኩም» አለና ሱሪዬን አጥፎ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ።