የወርቁ መንገድና የበረዶው ናዳ

የዓድዋ ድል ከሆነ አምስት ወር ተኩል እንዳለፈ፣ ማለት በነሐሴ 1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1896)፣ በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ክሎንዳይክ በሚባል አገር ከአንድ ጅረት ውስጥ ወርቅ ተገኘ። ያገኙት ጆርጅ ካርማክ የተባለ አሜሪካዊ፣ የአገሩ ተወላጅ ባለቤቱ ኬት፣ ወንድሟ ስኩከም ጂምና የእኅታቸው ልጅ ዶሰን ቻርሊ ናቸው። መጀመሪያ ያየው ማን ነው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ያው ወርቅ ባለበት ክርክር አይጠፋም።

ወሬው ለዓለም የተሰማው ግን ከዓመት ገደማ በኋላ ነው። በሐምሌ 1889 ወርቅ የያዙ ሁለት መርከቦች ሳን ፍራንሲስኮና ሲያትል ሲገቡ ሰው አበደ ማለት ይቻላል። የሲያትል ከንቲባ ሳይቀር ሹመቱን ትቶ ተነሣ። 100,000 ያህል ሰው ጉዞ እንደ ጀመረ ይገመታል፤ እወርቁ አገር የደረሰው ግን ከ40,000 አይበልጥም።

ለምን ቢባል መንገዱ ነዋ! ከአላስካ ጠረፍ ዳይኢ ከምትባል ከተማ ተነሥቶ የቺልኩትን ተራራ መሻገር ግድ ነው። በተራራው ጫፍ የቆመው የካናዳ ፈረሰኛ ፖሊስ ደግሞ የዓመት ስንቅ ያልያዘውን አያሳልፍም። ስንቁና ዕቃው ተደምሮ ወደ አሥር ኩንታል ይሆናል። ታዲያ አቀበቱን በቅሎም አይወጣው! ሰውየው ራሱ ሠላሳና አርባ ጊዜ እየተመላለሰ፣ በበረዶው ላይ በተፈለፈለው ደረጃ በጀርባው ያወጣዋል። በሌላው መንገድ፣ በኋይት ፓስ በኩል፣ 3,000 ያህል ፈረሶች እንዳለቁ ይነገራል። በሬሳቸው ላይ እየተረማመደ የሚያልፈው ሰው ዞር ብሎ አላያቸውም።

መጋቢት 26 ቀን 1890 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1898) በፈረንጆቹ ሆሳዕና ነበር፤ የእኛ በሳምንቱ ነው የዋለው። ብዙ ቀን በረዶ ሲጥል ሰንብቶ አየሩ ሞቅ አለ። የአገሩ ተወላጆች የትሊንጊት ሸክመኞች ተራራውን አይተው፣ «ዛሬ አንወጣም፣ እናንተም አትውጡ» ብለው ነበር። ሰሚ አላገኙም። የቸኮለ ሰው ምክር መች ይሰማል?

በዚያ ዕለት ናዳው ወረደ። እዚህ ላይ ነው እኔን የገረመኝ። አንዱ የወደቀውን አንዱ እያለፈ ሲሄድ የከረመው መንገደኛ፣ ወርቁንም ስንቁንም ጥሎ አካፋ እየያዘ ወደ ናዳው ሮጠ። ጡሩንባ የነፋለት የለም፤ መዝገብ የለም፤ መዋጮ የለም። በረዶው ሲጠጥር እንደ ድንጋይ ነው፤ ከሥር የተቀበሩት ሲጣሩ ድምፃቸው ወደ ላይ ይሰማ ነበር ይባላል። ጥቂቶቹ በሕይወት ወጡ። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን አልታወቀም፤ ከሟቾቹ መካከል ዘመድም ጓደኛም አብሮት ያልነበረ ስለነበረ ነው። አስከሬኑን ስሙን በማያውቁት ሰዎች እጅ አስወጥተው፣ አንዳንዱን ለቤተሰቡ ላኩ፤ የቀሩትን ዳይኢ አጠገብ ቀበሩ።

ከዚያ በኋላ ሰልፉ እንደገና ወደ ተራራው ቀጠለ። አብዛኛው ሰው በዚያው ዓመት በጋ ዶሰን ከተማ ሲደርስ ደህናው መሬት ሁሉ አስቀድሞ ተይዞ ቆየው። የአገሩ ባለቤት የሃን ሕዝብ በበኩሉ ከዓሣ ማጥመጃው ቦታ ተገፍቶ፣ በአለቃው በአይዛክ መሪነት ሙስሃይድ ወደ ተባለ ሥፍራ ተዛውሮ ነበር። ዊልያም ጃጅ የተባሉ ቄስ በዶሰን ሆስፒታል አቁመው የታይፎይድ ሕሙማንን ሲያስታምሙ፣ በ1891 (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1899) እሳቸውም አረፉ። በዚያው ዓመት ኖም በሚባል የአላስካ ጠረፍ ወርቅ አለ ተባለና ሕዝቡ ወደዚያ ጎረፈ።

በኋይት ፓስ በኩል የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ዳይኢን የሚፈልጋት ጠፋ፤ ነዋሪዋም ለቀቃት። ዛሬ በቦታው ዛፍ በቅሎበታል። የመቃብሩ ሥፍራ ግን አለ። በእንጨቶቹ ላይ የተጻፈው ስም ልዩ ልዩ ሲሆን፣ የሞቱበት ቀን አንድ ነው።