የዱማ ሚዛንና የጅቡቲ ሙቀት

ሚዛን አይዋሽም ይባላል። ነገር ግን ሚዛን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ስለ ሆነ፥ ጠያቂው ምን እንደ ጠየቀ ጠንቅቆ ካላወቀ እውነተኛው መልስ ስሕተት መስሎ ይታየዋል። የተናኝ ፈሳሾች የሞለኪውል ክብደት የተለካበት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዣን ባፕቲስት ዱማ ዘዴውን የገለጠው እ.ኤ.አ. በ1826 ነው። ጥቂት ፈሳሽ አንገቱ በቀጠነ ክብ ብርጭቆ ውስጥ አስገብቶ ያሞቃል፤ ፈሳሹ ሁሉ ተንኖ አየሩን ገፍቶ ካስወጣ በኋላ የብርጭቆውን አንገት በእሳት አቅልጦ ይዘጋና ይመዝነዋል። ብርጭቆው አስቀድሞ የተመዘነው አየር ሞልቶት ስለ ነበር፥ የዚያን አየር ክብደት በስሌቱ ውስጥ ያገባ ነበር።

በዚሁ ዘዴ የድኝ ተን ከተጠበቀው ሦስት እጥፍ፥ የፎስፎረስ ሁለት እጥፍ፥ የባዜቃ ግን ግማሽ ሆኖ ተገኘ። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የንጥረ ነገር ሁሉ ሞለኪውል ሁለት አተም አለው የሚለው ግምት ነበር። የባዜቃ አተም ብቻውን፥ ፎስፎረስ በአራት፥ ድኝም በዚያ ሙቀት በስድስት ሆነው እንደሚተኑ ያላወቀው ዱማ በአተም ትምህርት ላይ እምነቱን አጣ። ኢጣሊያዊው ካኒዛሮ እ.ኤ.አ. በ1858 አቮጋድሮ በ1811 ያቀረበውን ሐሳብ አንሥቶ እስኪያስረዳ ድረስ ነገሩ ሳይፈታ ቆየ።

በትምህርት ቤት የሚሠራበት ዘዴ ከዚህ ይቀላል። ፍላስኩ በቀጭን አሉሚኒየም ተሸፍኖ በመርፌ ይበሳል፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ሲበርድ ይመዘናል። ሲበርድ ተኑ ሁሉ ፈሳሽ ይሆናል፥ ቦታውንም አየር ይይዘዋል ተብሎ ይታሰባል። ይህ አሳብ ሙሉ በሙሉ የሚፈጸምበት ቦታ የለም፤ በጅቡቲ ከተማ ግን ጨርሶ ይፈርሳል። በዚያች የወደብ ከተማ በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ኤተር ደግሞ 35 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ፍላስኩ በረደ ሲባል ኤተሩ ገና ተን ነው፤ የያዘውንም ቦታ ለአየር አይለቅም። የአየር አማካይ የሞለኪውል ክብደት 29 ስለ ሆነ፥ ተኑ በቀዳዳው ባያመልጥ እንኳ 74 መሆን የሚገባው ቁጥር 45 ይሆናል። ዱማ የተጠነቀቀለት አየር በቀላሉ ዘዴ ተረስቷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ከጅቡቲ ሽቅብ ለሚወጣ ሌላ ስሕተት ይጠብቀዋል። በባሕር ዳር 760 ሚሊሜትር የነበረው የአየር ግፊት በአዲስ አበባ ወደ 580 ይወርዳል። ባሮሜትር ሳያይ 760ን ከመጽሐፍ የገለበጠ ተማሪ የአሴቶንን 58 ወደ 44 ዝቅ ያደርገዋል። በአንጻሩ በሽፋኑ ሥር የቀረች አንዲት የውሃ ጠብታ ወይም ሳይተን የቀረ ፈሳሽ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

እንግዲህ በጅቡቲ 45 ብሎ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ተሰጥቶት፥ 74ን ከመጽሐፍ የቀዳው ቢመሰገን፥ ክፍሉ በሙሉ የሚማረው ማስመሰልን ነው። መምህሩ ከውጤቱ ጎን የክፍሉን ሙቀትና የባሮሜትሩን ንባብ ያስጽፍ፤ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ያስረዳ ተማሪም ሙሉ ዋጋውን ያግኝ። ዱማ ትክክለኛ ቁጥሩን ይዞ የተጠራጠረው ምክንያቱን ስላላገኘ ነበርና።