ለብርቱ እጅ የተሠራ ክዳን

በበረዶው ወራት አንድ እሑድ አክስቴን ልጠይቅ ብሄድ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከዓርብ ጀምሮ እንዳልወሰዱ ደረስኩበት። መድኃኒቱ አልቆባቸው አልነበረም፤ ብልቃጡ እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ከያዛቸው ወዲህ ክዳኑን ተጭነው ማዞር አቅቷቸዋል። «ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ለክዳን ብዬ ሰው ከሥራው ላስቀር?» አሉኝ።

አገር ቤት ሳሉ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማቸውም። ያን ጊዜ እጃቸው ብርቱ ስለነበረ ብቻ አይደለም። የአያቴን መርፌ ክር የምናገባላቸው እኛ ልጆች ነበርን። በርበሬ ሲዘጋጅ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የጠበቀውን የሚያላላ ጎረምሳም ከደጅ አይጠፋም። የደከመ እጅ በቤቱ ውስጥ ካሉት እጆች አንዱ ነበርና ድካሙ ጎልቶ አይታይም። እዚህ ግን አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ በር ተዘግቶ፣ አንድ ሰውና አንድ ክዳን ብቻቸውን ይፋጠጣሉ። ለመሆኑ ይህ ክዳን ለማን እጅ ተለክቶ ነው የተሠራው? ነገሩን ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፒተር ዱራንድ የተባለ እንግሊዛዊ ምግብን በቆርቆሮ ለማሸግ ፓተንት ያገኘው በ1810 ነው። የቀድሞዎቹ ቆርቆሮዎች በጣም ወፍራም ስለነበሩ በመሮና በመዶሻ እንዲከፈቱ መመሪያ ይጻፍባቸው ነበር፤ ወታደሩም በሳንጃው ይበሳቸዋል። አሜሪካዊው ኤዝራ ዋርነር ለመክፈቻ ፓተንት ያወጣው በ1858፣ ማለትም ከ48 ዓመት በኋላ ነው። በ1870 ደግሞ ዊልያም ላይማን በቆርቆሮው ጠርዝ ዙሪያ የሚሽከረከር ስለት ያለው መክፈቻ አወጣ። ማሸጉን ያሰበ ሰው መክፈቱን ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ለባለጉዳዩ ጉልበት ትቶት ነበር ማለት ነው።

የመድኃኒቱ ብልቃጥ ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ እሱ እንዲያስቸግር የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። በካናዳ ዊንዘር ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ብሮ መድኃኒት እየዋጡ የሚመረዙ ሕፃናት ብዛት አሳስቧቸው፣ በ1967 በመዳፍ ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት ክዳን እንዲሠራ አደረጉ። አሜሪካም በ1970 ስለ መርዛማ ነገሮች አስተሻሸግ ሕግ አወጣች። ይህ ብዙ ሕፃናትን ከሞት ያተረፈ ሥራ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ ያለው በፈተናው ላይ ነበር። ክዳኑ ለሕፃናት እንደሚያስቸግር በሕፃናት ሲፈተን፣ አዋቂ ሰው እንደሚከፍተው ደግሞ በአዋቂዎች ይፈተናል። እነዚያ አዋቂዎች ግን ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 45 የሆነ ነበሩ! መድኃኒት ይበልጥ የሚበዛበት ዕድሜ ከዚያ በኋላ መሆኑን ማን አጣው? የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደንቡን አሻሽሎ ፈተናው ከ50 እስከ 70 ዓመት ባሉ ሰዎች እንዲሆን የወሰነው በ1995 ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የሚገርም ነው፤ ክዳኑ ያስቸገራቸው አዛውንት ብልቃጡን ክፍቱን ይተዉታል፣ ወይም ክኒኑን ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጡታል፤ በዚያ ጊዜ ለልጅ ልጅ የታሰበው ጥበቃ ከንቱ ይሆናል።

እጅን ተመልክቶ ዕቃ መሥራት በስዊድን ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። ማሪያ ቤንክትሶንና ስቬን ኤሪክ ዩሊን የተባሉ የዕቃ ንድፍ ባለሙያዎች የደከመ እጅ ዕቃን እንዴት እንደሚይዝ አጥንተው፣ በ1970ዎቹ ዓመታት እጀታው እንደ መጋዝ እጀታ ቀና ያለ የዳቦ ቢላዋ አወጡ። አንጓ ሳይጣመም በክንድ ጉልበት ይቆርጣል።

በአሜሪካ የታወቀው ግን የመላጫው ታሪክ ነው። የወጥ ቤት ዕቃ ነጋዴ የነበሩት ሚስተር ሳም ፋርበር ጡረታ ወጥተው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ቤትሲ ጋር ደቡብ ፈረንሳይ ሳሉ፣ እጃቸውን ቁርጥማት ያመማቸው ወይዘሮ ቤትሲ ፖም መላጥ ያቅታቸዋል። የመላጫው እጀታ ቀጭን ብረት ነበር። ቀጭን እጀታ በጣት ጫፍ መቆንጠጥን ይጠይቃል፤ ወፍራሙ ግን ጭነቱን ለመዳፍ ሁሉ ያካፍላል። ሚስተር ፋርበር ስማርት ዲዛይን ከተባለ የኒውዮርክ ድርጅት ጋር ሆነው፣ በ1990 ወፍራም ጥቁር የጎማ እጀታ ያላቸውን 15 የወጥ ቤት መሣሪያዎች ኦክሶ በሚል ስም ለገበያ አቀረቡ። ጤነኛውም እጅ ወደዳቸው፤ ዛሬም ይሸጣሉ።

ታሪኩ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው አንድ ደግ ባል ለታመመች ሚስቱ እንዳዘነላት ተደርጎ ነው። ወይዘሮ ቤትሲ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህን አነጋገር እንዳልወደዱት ገልጸዋል፤ እሳቸው ራሳቸው የንድፍ ሰው ነበሩ፣ ሐሳቡም የእሳቸው ጭምር ነበር። እኔ የወይዘሮዋን ቃል አምናለሁ። ቀጭኑ እጀታ የት ላይ እንደሚያም ከታመመው እጅ የበለጠ ማን ያውቃል?

በዚያው በ1990 አሜሪካ ለአካል ጉዳተኞች መብት የቆመውን ሕግ አወጣች። ሕጉን ተከትሎ የወጣው ደንብ የሕዝብ መገልገያ በሆኑ ቤቶች የበር እጀታ አጥብቆ መጨበጥን፣ መቆንጠጥን ወይም አንጓ መጠምዘዝን የሚጠይቅ እንዳይሆን ያዛል። ክቡ እጀታ በየመሥሪያ ቤቱ እየቀረ፣ በክርን እንኳ ተጭነው የሚከፍቱት ረጅሙ የመጣው ስለዚህ ነው። ዘንቢልና ሕፃን የያዘች እናትም ተጠቀመችበት። የግል ቤቶች ግን ደንቡ አይነካቸውም፤ የአክስቴ ጓዳ በር ዛሬም ክብ ነው።

ወደ አክስቴ ብልቃጥ ልመለስና፣ የአሜሪካው ሕግ ከመጀመሪያው አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በሽተኛው ከጠየቀ በቀላል ክዳን ሊሰጠው ይችላል። ይህን የማያውቁ እናቶችና አባቶች በየቤታችን ብዙ ናቸው፤ እኔም አላውቅም ነበር። ሰኞ ዕለት አብረን ፋርማሲ ሄድን። አክስቴ «ለሰው ማስቸገር ነው» እያሉ ወደ ኋላ ሲሉ፣ ሠራተኛዋ አንድ ወረቀት አስፈርማ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ክዳኑን ቀየረችላቸው።

እቤት ስንደርስ ብልቃጡን ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘጉት። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው ስለሚመጣ ከላይኛው ቁም ሣጥን እንዳስቀምጥላቸው ጠየቁኝ። ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።