ከበሮው የሴቶች ነበር

በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሰርግ ዲጄ ሆኜ እሠራለሁ። አንዱን ቅዳሜ የሐበሻ ሰርግ፣ ሌላውን የሕንድ ወይም የፓኪስታን ቤተሰብ ሰርግ አጫውታለሁ። ሰዎች ሥራዬን ሲያውቁ ሁለት ጥያቄ ያነሣሉ። ሴት ልጅ እንዴት ዲጄ ትሆናለች? ሐበሻዋንስ ከሕንድ ሰርግ ምን አገናኛት? ለሁለቱም ያለኝ መልስ አንድ ነው። በእኛም ሆነ በእነሱ ዘንድ የሰርጉን ዘፈን የሚመሩት ሴቶች ነበሩ። ሙዚቃው በኤሌክትሪክና በኪራይ ሲሆን ወደ ወንዶች እጅ ገባ። እኔና መሰሎቼ በሰው አገር የያዝነው ሥራ አዲስ ቢመስልም ከእናቶቻችን የወረስነው ነው።

ያደግሁት ሞጆ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሰፈሩ ሰርግ በሰርግ ይሆናል። ገና ዳሱ ሳይጣል የሙሽሪት ቤት ማታ ማታ በሴቶች ይሞላል። ቀን ጌሾ ሲወቅጡና ሽንኩርት ሲከትፉ የዋሉ እናቶች ማታ ከበሮ ያነሣሉ። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የሙሽራውን ወገን በር ላይ አቁመው በዘፈን የሚሟገቱት፣ ሚዜዎቹን በግጥም የሚሸነቁጡት፣ ሙሽሪት ከእናቷ ቤት ስትወጣ ደግሞ ዜማውን ወደ ስንብት የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። በኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ቤትም ልጃገረዶቹ በኦሮምኛ እየተቀባበሉ ጓደኛቸውን ሲሸኙ አብረን እናጨበጭብ ነበር።

የሰፈራችን አውራጅ የእናቴ ወዳጅ ነበሩ። ከበሮውን እየመቱ ዓይናቸው ቤቱን ይዞራል። ማን እንደተቀመጠ፣ ማን እንደደከመው፣ የትኛዋ አክስት ስሟ ሳይነሣ እንደቀረ ያያሉ፤ ከዚያ ዜማውን ይቀይራሉ። ትልቅ ሰው ሲገባ ምቱን ያረጋጉታል፤ ወጣቶቹ ሲሰበሰቡ ያፈጥኑታል። በሰርጉ ዕለት ግን ከሙዚቃ ቤት ሞንታርቦ ተከራይቶ ይመጣል፤ ጄነሬተሩ ይነሣል፤ ካሴት የሚያጫውቱት ወጣት ወንዶች ጥግ ይዘው ይቆማሉ፤ የእናቶች ከበሮም በዚያ ጩኸት ይዋጣል። እኔ ዛሬ የምሠራው ያ ሰውን እያዩ ዜማ የመምረጥ ሥራ ነው፤ መሣሪያው ብቻ የሞንታርቦው ሆኗል።

ሞጆ ደግሞ ጆሮ የምታስለምድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ መንገዱ ለሁለት ይከፈልባታል። አንዱ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳና ሞያሌ ይሄዳል። የድሮው ባቡር ጣቢያ ነበራት። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአገሪቱ ጭነት ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ ደረቅ ወደቡ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ባሕር የሌላት ከተማ የኮንቴይነር ከተማ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመርም በዚያው ያልፋል። የተሳቢ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ትራንዚተሩ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው ከየአገሩ መጥቶ ሞጆ ያድራል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ እዚያው ትዳር ይይዛሉ። ስለዚህ በአንድ የሞጆ ዳስ ውስጥ የዓሊ ቢራ ዘፈን፣ የጉራግኛው ጭፈራ፣ የትግርኛው ጓይላ፣ የጎንደሩ እስክስታና የወላይታው ምት ተራ በተራ ይመጣሉ። ማንም እንግዳ የራሱን ሳይጨፍር ወደ ቤቱ እንዲገባ አይፈለግም። ይህን ሕግ በጽሑፍ ያነበብኩበት ቦታ የለም፤ ከሞጆ ሰርገኞች ነው የተማርኩት።

ወደ አሜሪካ በዲቪ ስመጣ የሐበሻው ኑሮ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። እ.ኤ.አ. ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ የመጡት ታላላቆቻችን በዋሽንግተን አዳምስ ሞርገን፣ በኋላም ዩ ስትሪት ላይ ምግብ ቤቶች ከፍተዋል፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አቁመዋል። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ሲጎበኝ እዚሁ ቀርቶ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖሯል። አስቴር አወቀም ከዚህች ከተማ ተነሥታ ነው ለዓለም መድረክ የበቃችው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሐምሌ መጀመሪያ ገደማ የሚያዘጋጀው ውድድር የሙዚቃ ሳምንትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የዋሽንግተን ከተማ የቋንቋ ሕግ ሲወጣ አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ሕዝቡ አለ፣ ሰርጉ አለ፣ አዳራሹ አለ። ሴት ዲጄ ግን በሄድኩበት ሰርግ ሁሉ አላየሁም።

ወደ ሥራው የገባሁት በሴቶች በር ነው። መጀመሪያ ለጓደኞቼ የሙሽሪት ሻወርና ለክርስትና ድግስ አጫወትኩ። ከዚያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የሐረር ቤተሰብ ልጃቸውን ሲድሩ የሴቶች ብቻ የሆነ ምሽት አዘጋጁ። ሴቶቹ ሂጃባቸውን አውልቀው፣ አጊጠው፣ ያለ ሐሳብ የሚጨፍሩበት ምሽት ስለሆነ ወንድ ዲጄ ሊገባ አይችልም። የሙሽሪት እናት ደውለው፣ «ልጄ፣ መሣሪያሽን ይዘሽ ነይልኝ፤ ሴት አጥቼ በስልክ ላጫውት ነበር» አሉኝ። ከእንግዶቹ መካከል የሙሽሪት የፓኪስታን ጎረቤቶች ነበሩ። እነሱም የሂና ምሽታቸው የሴቶች ብቻ ስለሆነ ለዓመታት ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው። በዚያ ምሽት ስልክ ቁጥሬን ወሰዱ። ከፓኪስታን የሂና ምሽት ወደ ፑንጃቦች ቤት፣ ከዚያም ወደ ጉጃራቶችና ወደ ቴሉጉ ተናጋሪዎች ተሻገርኩ። በሎደንና በፌርፋክስ ካውንቲ የደቡብ እስያ ሰው ብዙ ነው፤ አንዲት እናት ከወደደችሽ አምስት ቤት ታስገባሻለች።

ዘፈኖቻቸው ለእኔ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አልነበሩም። የሕንድ ፊልም በኢትዮጵያ ስንት ትውልድ አስለቅሷል። በሞጆ ቪዲዮ ቤቶች አግዳሚ ላይ ተደርድረን፣ ቃሉን ሳናውቅ ዜማውን በአፋችን እናዜም ነበር። ወላጆቻችንን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ብዙ የሕንድ መምህራንም ነበሩ። ከምንም በላይ ግን ያስደነገጠኝ ሳንጊት የሚሉት ምሽት ነው። ዛሬ በሆቴል አዳራሽ፣ በተጠና ዳንስና በመብራት የሚደረገው ሳንጊት በፑንጃብ ቀድሞ የሴቶች ማኅበር ነበር። ሴቶች በሙሽሪት ቤት ተሰብስበው፣ ዶላክ የሚሉትን ከበሮ መሬት ላይ አስተኝተው እየመቱ ይዘፍናሉ፤ የሙሽራውን ቤተሰብም በግጥም ይሰድባሉ። አንዲት ሽማግሌ ፑንጃባዊት ይህን ሲነግሩኝ የእናቴን ወዳጅ ያገኘሁ መሰለኝ። ሙሽሪት ከቤተሰቧ የምትለይበት የለቅሶ ሥርዓት እንኳን አላቸው፤ እዚያ ላይ ሙዚቃውን መቼ ዝቅ ማድረግ እንዳለብኝ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

የእጁን ጥበብም ልናገር፤ ይህ ሥራ ቁልፍ መንካት ብቻ የሚመስላቸው አሉና። የአማርኛው ቺክቺካ ስድስት በስምንት ይቆጠራል። የዲጄ ሶፍትዌሮች ደግሞ አራት አራቱን የሚቆጥረውን የክለብ ሙዚቃ ታሳቢ አድርገው የተሠሩ ናቸው፤ የእኛን ዘፈን ሲለኩ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። የጓይላው ምት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። የድሮ ካሴቶችም ከባንድ ጋር በቀጥታ ስለተቀረጹ ዘፈኑ ሲሞቅ ፍጥነቱም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ማሽኑን አምኜ አላያይዝም፤ እያንዳንዱን ዘፈን በጆሮዬ ሰምቼ ምልክት አደርግበታለሁ። ባንግራ የሚሉት የፑንጃብ ጭፈራ፣ ዶል በሚሉት ከበሮ የሚመታው ምትም ሦስት ሦስት እያለ የሚወዛወዝ ስለሆነ ከቺክቺካ ጋር ይዘማመዳል። ሐበሻ ሙሽራ ሕንዳዊት ሲያገባ፣ ይህም እየበዛ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የምሻገረው በዚያ መንገድ ነው። ሁለቱም ቤተሰብ ሳይቀመጥ ምቱ ሲያልፍ ማየት ትልቅ ደስታዬ ነው።

ባራት የሚሉት የሙሽራው አጀብ የራሱ ፈተና አለው። ሙሽራው አንዳንዴ በፈረስ ተቀምጦ፣ ዘመዶቹ በዶል እየጨፈሩ በሆቴሉ መኪና ማቆሚያ በኩል ይመጣሉ። ዲጄው በባትሪ የሚሠራ ስፒከር በጋሪ እየገፋ አብሮ ይሄዳል፤ በሩ ላይ የሙሽሪት ወገን ይቀበላል። የፑንጃቡ ባንግራ፣ የጉጃራቱ ጋርባ፣ የቦሊውዱና የደቡቡ ፊልም ዘፈን ድርሻቸውን ካላገኙ አንዱ ወገን ይከፋዋል። ይህ ለሞጆ ልጅ የታወቀ ሒሳብ ነው።

በእኛ ሰርግ ይኸው ሒሳብ በጣም ከባድ የሆነበት ጊዜ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 በኋላ፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ዘመዱ የሞተበት፣ ስልክ ተቋርጦ የእናቱን ድምፅ ያልሰማ፣ ወንድሙ የዘመተበት ሰው አብሮ ይቀመጥ ነበር። ከሰርጉ በፊት ሁለቱንም ቤተሰብ ጠርቼ ዝርዝሩን እያንዳንዱን ዘፈን እየሰማን እናጣራ ነበር። የጦር ስሜት ያለውን ሁሉ አወጣን፤ የሁሉንም ሕዝብ የፍቅርና የሰርግ ዘፈን አስገባን። የማንንም ቋንቋ ግን አልዘለልኩም። አንድ ሕዝብ ዘፈኑ ሳይነካ ሲያልፍ «እዚህ ቤት የለህም» እንደተባለ ይሰማዋል፤ ሰርግ ደግሞ ያ የሚባልበት ቦታ አይደለም።

በዚህ መንገድ ቀድመውን የሄዱ ሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በብሪታንያ የደቡብ እስያ ወጣቶች የባንግራ ጭፈራቸውን በቀን ያደርጉ ነበር፤ ልጃገረዶች ማታ እንዲወጡ ቤተሰብ ስለማይፈቅድ ነው። ከዚያ ዘመን የብራድፎርዷ ዲጄ ራዲካል ሲስታ ስሟ ይነሣል። በኒው ዮርክ ደግሞ ዲጄ ሬካ እ.ኤ.አ. በ1997 «ቤዝመንት ባንግራ» የተባለውን ምሽት ጀምራ እስከ 2017 ድረስ ሃያ ዓመት አቆይታዋለች። እኛም ክራር የያዙ እንደ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች ነበሩን። ሴት መሣሪያ ስትይዝ የሚገረመው ሰው እነሱን ቢያስታውስ ግርምቱ ይለቀዋል።

መንገዱ ቀላል ነው አልልም። አዳራሽ ስገባ «ዲጄው የታል?» ብለው ከኋላዬ ያለውን ወንድ የሚፈልጉ አሉ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ከባድ ስፒከር ወደ መኪና መጫን አለ። ሴት ናት ብለው ዋጋ ዝቅ የሚያደርጉ አሉ፤ ለእነሱ ዋጋዬን አልቀንስም። ለሚጀምሩ እህቶቼ የምነግራቸው ይህን ነው። ውል ሳይፈረምና ቀብድ ሳይከፈል ቀን አትያዙ። አብዛኞቹ አዳራሾች የተጠያቂነት መድን ወረቀት ስለሚጠይቁ ቀድማችሁ አውጡ። ሁለተኛ ኮምፒውተር፣ ትርፍ ገመድና ትርፍ ማይክሮፎን ያዙ። የአዳራሹን የመዝጊያ ሰዓት እወቁ፤ መልሱ ሌላ ቀን ከሆነ ዋጋውን ለብቻ ተነጋገሩ።

ከሁሉ በፊት ግን ወደ እናቶቻችሁ ሂዱ። አዳማም ሁኑ ሞጆ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሁኑ ለንደን፣ ያወረዱትን ዘፈን አስወርዷቸው፤ በስልካችሁ ቅረጹ። የትኛው በር ላይ፣ የትኛው ካባ ሲለበስ፣ የትኛው ስንብት ላይ እንደሚባል ጠይቁ። ይህን የሚያውቁ ሴቶች እያረጁ ነው፤ ብዙው ዘፈናቸውም ካሴት ላይ አልገባም። ማሽኑን መማር የወራት ጉዳይ ነው። የሰርግን ሥርዓት ግን ከእነሱ በቀር የሚያስተምራችሁ የለም፤ እሱን ይዛ የመጣችን ልጅ ደግሞ ከየትኛውም አዳራሽ በር የሚመልሳት አይኖርም።